ትራንስፎርመሩ ሳይታሸግ፦ ለጨረታ ሰነድ አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

የኃይል ትራንስፎርመር ስፔሲፊኬሽን ለምትጽፉ መሐንዲሶች፣ ሰነዱ ላይ ለምትፈርሙ ኃላፊዎችም፣

ጤና ይስጥልኝ።

ብዙ ዓመት ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ውስጥ ሽፍት የገባሁ ሰው ነኝ። በየሰዓቱ እዞራለሁ፣ ጌጅ አነባለሁ፣ ሎግ ሺት ላይ እጽፋለሁ። እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ሰማያዊ ነው ወይስ ወደ ሮዝ ሄዷል? ዘይት የሚያንጠባጥብ አለ? ፋኑ ይዞራል? ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዙር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የማነበው ጌጅ የለኝም፣ የምናገረው ግን አላጣሁም።

ልመናዬን ከፊት ላስቀምጠው። ከእንግዲህ የምትገዙት ትልቅ ትራንስፎርመር ሁሉ፣ ዊንዲንጉ (የመዳብ ጥቅሉ) ውስጥ ፋይበር ኦፕቲክ የሙቀት ሴንሰር ተቀብሮለት እንዲመጣ ጨረታው ላይ ጻፉ። በኋላ እናስገባዋለን የሚባል ነገር አይደለም። ትራንስፎርመር አንዴ ታንኩ ውስጥ ገብቶ፣ ዘይት ተሞልቶ ከታሸገ ዊንዲንጉን የሚነካው ሰው የለም። ቢነካውም ለጥገና ተፈትቶ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅ አንድ ቀን ላውጋችሁ።

የበዓል ዋዜማ ነበር። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ መስመር ጠፋ። ሲመለስ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል። በዋዜማ ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለኢትዮጵያ ሰው አይነገርም። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲጠብቅ ነበር። የከተማው ሰው ሁሉ ምጣዱን በአንድ ጊዜ ሰካ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ፍሪጁና ቦይለሩ ደግሞ እዚያው ላይ ተጨመሩ። አምፔር ሜትሩ ተወርውሮ ጥጉ ላይ ቆመ።

ሮጬ ወጣሁ። የዘይቱ ጌጅ 46 ዲግሪ ይላል። «ዊንዲንግ» የሚለው ጌጅ 60 እንኳ አልሞላም። መዳፌን ታንኩ ላይ አሳረፍኩ፤ ለብ ያለ ነው። ተመለስኩና ለሽፍት አለቃዬ «ጋሼ፣ ጭነቱ ከልክ አልፏል» አልኳቸው።

«ዘይቱን አይተኸዋል?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ጻፈውና ና፤ ቡናው ደርሷል።»

ጻፍኩት። 46። ቡናውንም ጠጣሁ።

በሳቸው አልፈርድም። እኔም የባሰ አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ጌጁን አመንን፤ ጌጁ ደግሞ ያላየውን ነገር ነበር የሚነግረን።

ላይዋ ላይ «ዊንዲንግ ቴምፕሬቸር» የተጻፈባት ያቺ ክብ ጌጅ ዊንዲንጉን ነክታው አታውቅም። ጫፏ የተቀመጠው ከታንኩ ክዳን ስር፣ ዘይቱ ውስጥ በተተከለ ኪስ ውስጥ ነው። ከሲቲ፣ ማለትም የጭነቱን ከረንት አሳንሶ ከሚያሳየው መለኪያ፣ የሚመጣ ትንሽ ከረንት በማሞቂያ በኩል አልፎ ያነበበችውን ከፍ ያደርግላታል። «ጭነቱ ይህን ያህል ከሆነ ዊንዲንጉ ከዘይቱ ይህን ያህል ይበልጣል» የሚል ስሌት ነው። ግምት ነው በአጭሩ። የድስቱን ክዳን ነክቶ ወጡ ከስር ማረር አለማረሩን እንደ መናገር። የለመደች ባለሙያ ብዙ ጊዜ ታውቀዋለች። ያላወቀችው ቀን ግን ወጡ ያርራል።

ጭነቱ ቀስ ብሎ ሲወጣና ሲወርድ ግምቱ ደህና ነው። ጣጣው እንደዚያ ቀን ሲሆን ነው። የትልቅ ትራንስፎርመር ዘይት እስኪሞቅ ሰዓታት ይፈጅበታል። ዊንዲንጉ ግን ጭነቱ በመጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከዘይቱ ርቆ ይሄዳል። ዘይት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይወፍራል፤ በዊንዲንጉ መሃል ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ቶሎ አይፈስም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መዳቡ ይግላል፣ ሙቀቱን ተቀብሎ የሚሄደው ዘይት ግን ገና ከእንቅልፉ አልተነሳም። ላይ ያለው ጌጅ «ሰላም ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአይ ኢ ሲ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ ድርጅት) የትራንስፎርመር ጭነት መመሪያ ይህን ድንገተኛ ዝላይ ቀመሩ ውስጥ አስገብቶታል። ቀመር ግን ቀመር ነው። በዚያች ደቂቃ፣ በዚያች ዊንዲንግ ውስጥ የሆነውን የሚናገረው እዚያው ያለ መለኪያ ብቻ ነው።

እና መብራት ሄዶ በሚመጣበት አገር ይህ የላቦራቶሪ ጨዋታ አይደለም። የሰርክ ኑሯችን ነው።

ሙቀቱ የሚጎዳው ማንን ነው? መዳቡን አይደለም። ወረቀቱን ነው። መዳቡ የተጠቀለለበት ወረቀት ከእንጨት የተሠራ ነው፣ ረጅም የሴሉሎስ ሰንሰለት። አዲስ ሲሆን እያንዳንዱ ሰንሰለት 1,000 ያህል ቀለበት አለው። ሙቀትና እርጥበት እየበጣጠሱት 200 አካባቢ ሲደርስ ወረቀቱ አለቀለት ይባላል። ዘይት ይጣራል፣ ይለወጣል። ቡሽንግም፣ ሽቦው ከታንኩ የሚወጣበት ማገጃ፣ ይለወጣል። ወረቀት ግን ያው የተወለደበት ነው፤ ትራንስፎርመሩ የሚኖረው ወረቀቱ የኖረውን ያህል ነው።

በአይ ኢ ሲ መመሪያ መሠረት ተራው ወረቀት ዕድሜው የሚቆጠረው በ98 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው የእርጅናው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። 104 ላይ እጥፍ፣ 110 ላይ አራት እጥፍ፣ 122 ላይ አሥራ ስድስት እጥፍ። 122 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት የቆየ ዊንዲንግ አሥራ ስድስት ሰዓት አርጅቷል ማለት ነው። እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ብቻ! በዚያ ላይ የሚያረጀው ዊንዲንጉ በሙሉ እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚግል አንድ ቦታ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በኩል ነው፣ ባለሙያዎች ሆት ስፖት የሚሉት። ትራንስፎርመሩን የሚገድለው የዚያች ቦታ ወረቀት ነው።

ያ የበዓሉ ትራንስፎርመር ከዓመታት በኋላ ወደቀ። በዚያ ቀን ምክንያት ነው አልልም፤ እንደዚያ ያሉ ቀናት ስንት እንደነበሩ ማን ቆጠራቸው? ሲፈታ ግን ቆሜ አየሁት። ከላይኛው ክፍል ላይ ወረቀቱን በሁለት ጣቴ ያዝ አደረግኩት። አዲስ ወረቀት እንደ ትኩስ እንጀራ ይታጠፋል። ይህኛው እንደ ድርቆሽ ተንኮሻኮሸና ጣቴ ላይ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ቀረ። ሁለት ክንድ ያህል ዝቅ ብዬ የታችኛውን ስነካው ደግሞ ገና ደህና ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ውስጥ ሽማግሌም ጎልማሳም ነበሩ። ሎግ ሺቶቼ ላይ ሽማግሌው አንድም ቀን አልተጻፈም።

አሁን ወደ ፋይበሩ ልምጣ። ብዙ ሰው ፋይበር ሲባል ትዝ የሚለው ኢንተርኔት ነው፤ ልክ ነው፣ ዘመዱ ነው። ቀጭን የመስታወት ክር፣ በውስጡ ብርሃን የሚሄድበት። ለትራንስፎርመር ያደረሰው ግን ሌላ ጠባዩ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ መግነጢስም አይረብሸውም። 230 ኪሎ ቮልት ዊንዲንግ ውስጥ የብረት ሽቦ ያለው ቴርሞሜትር አስገቡ ብትሉ ቮልቴጁን በዚያ ሽቦ ወደ ውጭ ጎትታችሁ ማውጣታችሁ ነው። በመስታወት ክር የሚወጣው ብርሃን ብቻ ነው።

አሠራሩ ደግሞ ደስ ይላል። በአንደኛው ዓይነት ክሩ ጫፍ ላይ ጋሊየም አርሰናይድ የሚባል ጥቃቅን ክሪስታል ይለጠፋል። ከውጭ ብርሃን ይላክለታል። ክሪስታሉ ከቀለሞቹ የተወሰኑትን ይውጣል፣ የተቀሩትን ይመልሳል። ሲሞቅ የሚውጠውና የሚመልሰው የሚለዩበት ድንበር ወደ ቀይ በኩል ይንፏቀቃል። ውጭ ያለው ሞኒተር ድንበሩ የት እንደደረሰ አይቶ «እዚህ ቦታ 107 ዲግሪ ነው» ይላል። ሌላው ዓይነት ብራግ ግሬቲንግ ይባላል። ክሩ ራሱ ላይ ጥቃቅን ምልክቶች ይቀረጹበታል፤ እያንዳንዱ ምልክት አንድ ቀለም ብቻ ይመልሳል፣ ሲሞቅ ቀለሙ በጥቂቱ ፈቀቅ ይላል። በ1550 ናኖ ሜትር አካባቢ ለአንድ ዲግሪ 0.01 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ኢምንት ነው፣ ግን ይለካል። የዚህኛው ጥቅም በአንድ ክር ላይ ብዙ ቦታ መለካቱ ነው። ጣጣው ደግሞ ሲሳብና ሲጫንም ቀለሙ መንቀሳቀሱ ነው፤ ሙቀት ብቻ እንዲያነብ በደንብ መያዝ አለበት። መነሻው ካናዳ ነው፤ ኦታዋ ውስጥ ኬን ሂልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ያገኙት ነገር ነው።

የትኛውን እንግዛ ብላችሁ አትጨነቁ። እዚያ ላይ አምራቹ ይምረጥ። እናንተ የምትጨነቁበት ሌላ ነው።

«ፋይበር ኦፕቲክ ሴንሰር ይኑረው» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ ተጫራቹ «ኮምፕላይድ» (አሟልቻለሁ) ብሎ ያልፋል፣ አንድ ክር የላይኛው ዘይት ውስጥ ያንጠለጥልና ይልክላችኋል። የተቀበረበት ቦታ ይጻፍ። በዲስኮቹ (በመዳቡ ጥቅል ንብርብሮች) መሃል ባሉት የፕሬስቦርድ (የጠንካራ ካርቶን) ስፔሰሮች ውስጥ፣ የአምራቹ የሙቀት ስሌት ከሁሉ ይግላል ባለው ቦታ፣ በሃይ ቮልቴጅም በሎው ቮልቴጅም ዊንዲንግ ላይ። ስሌቱም አብሮ ይቅረብ። የክሮቹ ቁጥር ላይ አትሰስቱ። መስታወት ነው፤ ሲጠቀለል፣ ሲደርቅ፣ ሲጨመቅ፣ ከጂቡቲ በሎቤድ ሲመጣ የሚሰበር አይጠፋም። በአንድ ዊንዲንግ አንድ ብቻ ከሆነና ከተሰበረ፣ ያው ወደ ክዳን መንካቱ ተመለስን። ፋብሪካ ላይ ከደረቀ በኋላ፣ ሳይት ከደረሰ በኋላ፣ ዘይት ከተሞላ በኋላ እያንዳንዱ ክር ብርሃን ማስተላለፉ ይፈተሽና ይፈረምበት። ሞኒተሩ ከስካዳው (ከርቀት መቆጣጠሪያ ሥርዓቱ) ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ይሁን፤ ሻጩ ብቻ በላፕቶፑ የሚከፍተው ሣጥን አይሁን። እንዲህ ያሉ ሣጥኖች መብራታቸው ጠፍቶ፣ አቧራ ለብሰው የትም አይቻለሁ።

የፋይበሩ ጥቅም ደግሞ የሚጀምረው ትራንስፎርመሩ አገራችን ሳይደርስ ነው። ይቺን ልብ በሉልኝ። ፋብሪካ ሄዳችሁ የሙቀት ፈተናውን ስታዩ በተለመደው መንገድ የሚለካው የዊንዲንጉ ሬዚስታንስ ነው። ከሱ የሚገኘው አማካይ ሙቀት ነው። ሆት ስፖቱ የሚወጣው አማካዩ ከዘይቱ የሚበልጥበትን በአንድ ቁጥር አባዝቶ የላይኛው ዘይት ሙቀት ላይ በመደመር ነው፤ ለትልልቆቹ 1.3 አካባቢ የሚባል ቁጥር አለ። ቁጥሩን የሚያቀርበው ደግሞ አምራቹ ራሱ። ፋይበር ካለ ሆት ስፖቱ እያያችሁት፣ ዓይናችሁ ፊት ይወጣል። ስሌቱ ከተለካው ጋር ካልገጠመ ትራንስፎርመሩ ገና ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነው፣ የመጨረሻው ክፍያም ገና በእጃችሁ ነው። ለዚያ ፈተና የምትሄዱ ልጆች፣ ከተማ ጉብኝቱን ለማግስቱ አድርጉት።

ለእኛ አገር በተለይ የሚሆን ሌላ ነገርም አለ፤ ከፍታው። የአይ ኢ ሲ ደረጃ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ይሳሳል፣ ራዲያተሩን በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ባለ ፋብሪካ ሲፈተን የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ ይቀነሳል፤ በተፈጥሮ አየር ለሚቀዘቅዘው በየ400 ሜትሩ 1 ዲግሪ፣ በፋን ለሚቀዘቅዘው በየ250 ሜትሩ 1 ዲግሪ። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ላይ ሲሰላ የመጀመሪያው 3.5፣ ሁለተኛው 5.6 ዲግሪ ይሆናል። ከላይ እንዳልኩት 6 ዲግሪ ማለት ዕድሜ በግማሽ ነው። አዎ፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ብርዱ ያካክሳል። ሰመራ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ይነዳል። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ስፔሲፊኬሽን የገዛ ሰው ዊንዲንጉ ውስጥ የሚሆነውን ሳያይ እንዴት ይተኛል?

ፋይበር ሁሉንም ያያል እያልኩ ግን አይደለም። ሻጭ መስዬ መታየት አልፈልግም። የሰፈሩ ምሰሶ ላይ ለተሰቀለው ትንሽ ትራንስፎርመር ፋይበር አያስፈልግም፤ እሱ የሚፈልገው ጭነቱ እንዲመዘንና ሳይበዛበት እንዲከፈልለት ነው። አሁን ሥራ ላይ ያሉት የድሮዎቹ ትልልቆችም ዊንዲንጋቸው አይነካም። እነሱን በዘይታቸው ነው መጠየቅ። ዘይት ውስጥ የሟሟው ጋዝ ብዙ ይናገራል፤ አሴቲሊን ከታየ ውስጥ እሳት ተረጭቷል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጨመረ ወረቀቱ እየተበላ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ለሪዋይንዲንግ (ዊንዲንጉ እንደገና እንዲጠቀለል) ከተፈታ ግን ያን ቀን ፋይበር ይቀበርለት። ዕድሉ አንዴ ነው የሚገኘው።

ቡሽንግም ሌላ ዓለም ነው። መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ለንደን ውስጥ ኖርዝ ሃይድ በሚባለው 275 ኪሎ ቮልት ሰብስቴሽን አንድ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። በማግስቱ የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ፤ የ1,300 ያህል በረራ ተጓዥ ተጉላላ። ምርመራው ያገኘው ምክንያት የቡሽንግ ብልሽት ነው፤ ሳይሆን አይቀርም የተባለው ደግሞ እርጥበት ገብቶበት ነው። ዊንዲንግ ውስጥ ያለ ፋይበር ያንን አያየውም ነበር።

ከዚያ ሪፖርት ውስጥ እኔን ያመመኝ ግን እሱ አይደለም። በዚያው ቡሽንግ ዘይት ውስጥ ከፍ ያለ እርጥበት መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2018 በተወሰደ ናሙና ታውቆ ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ! ቁጥሩ ነበረ። ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሚገባው እርምጃ ግን አልተወሰደም። ሀብታም አገር ነው፣ ላቦራቶሪ አለው፣ መሐንዲስ አለው። 46 ብሎ ጽፎ ቡና ሊጠጣ የሄደው እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው። የኔ እንኳ ሐሰተኛ ቁጥር ነበር፤ የነሱ እውነተኛ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ይረዝማል። ሴንሰሩን ስትጽፉ የሚያነበውን ሰውም ጻፉ። ፋይበሩ 110 ሲል ፋኑ በራሱ ይነሳ፣ 120 ሲል ለሽፍቱ አላርም ይምጣ፣ ከዚያ በላይ ከሄደ ጭነት የሚቀንሰው ማን እንደሆነ፣ ማንን ሳይጠይቅ እንደሚቀንስ ይታወቅ። ቁጥሮቹን ለእያንዳንዱ ትራንስፎርመር ባለሙያ ይወስን፤ እኔ ለምሳሌ ነው ያልኩት። ማታ 6 ሰዓት ላይ ብቻውን ያለ ወጣት ኦፕሬተር አላርሙን ሰምቶ አለቃው ጋ ቢደውልና ባያነሳለት ምን ያድርግ? መልሱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቆየው።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 500 ኪሎ ቮልት መስመሩ በደዴሳ አድርጎ ሆለታ ይገባል። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የሄደው ቀጥተኛ ከረንት መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለጂቡቲም እንሸጣለን። ይህን ሁሉ ኃይል ተቀብለው ለከተማና ለፋብሪካ የሚያደርሱ ትራንስፎርመሮች ገና ብዙ ይገዛሉ። ዛሬ የሚታዘዘው ትራንስፎርመር ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ ቤተሰብ መሥርቶም ይሠራል ተብሎ ነው የሚታዘዘው። ከጠቅላላ ዋጋው ጋር ሲተያይ ደግሞ ፋይበሩ ጥቂት ነው፤ ተጫራቾቹን ለብቻው ዋጋ እንዲያቀርቡ ጠይቋቸውና እዩት።

ሰነዳችሁ ላይ የሙቀት መለኪያዎችን የሚዘረዝር ገጽ አለ። የዘይት ጌጅ፣ የዊንዲንግ ጌጅ ይልና ወደ ቡኾልዝ ሪሌ (ዘይቱ ውስጥ ጋዝ ሲፈጠር ወደሚያስጠነቅቀው መሣሪያ) ያልፋል። በሁለቱ መሃል አንድ አንቀጽ ይበቃል። ያንን ገጽ የምታርሙት ሰው፣ እባካችሁ ቀጣዩ ጨረታ ሳይወጣ አድርጉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሰብስቴሽን ሽፍት ኦፕሬተር